የመጨረሻው ክፍያ ክረምት ይሻገር፦ በቤት እድሳት ላይ ስለሚያዝ ገንዘብ

በሰሜን ሸዋ የቤት እድሳት የበጋ ሥራ ነው። አዝመራው ተሰብስቦ እጅ ላይ ጥቂት ገንዘብ ሲገባ ጣሪያ ይፈታል፣ ግድግዳ ይለሰናል፣ ወለል ሊሾ ይደረጋል፣ ፋሲካ ሳይደርስ ቀለም ይቀባል። ሥራው ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ግን ሐምሌ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሙያተኛው ሒሳቡን ጨርሶ ተቀብሎ ሌላ ወረዳ፣ ሌላ ቤት ላይ ነው፤ ስልኩ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ አይነሳም። ኮርኒሱ ላይ ቢጫ የውሃ ምልክት አይቶ ያኔ መጮህ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ነው።

ለዚህ የተለመደው መላ ከክፍያው ጥቂት ማስቀረት ነው። ኮንትራክተሮች ሪቴንሽን ይሉታል፤ ውል ላይ የመያዣ ገንዘብ ተብሎ ይጻፋል። በመንግሥት የግንባታ ውሎች ከእያንዳንዱ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ይያዛል፤ በጊዜያዊ ርክክብ ግማሹ ይለቀቃል፣ ግማሹ ደግሞ በተለምዶ አንድ ዓመት የሚሆነው የጉድለት ማረሚያ ጊዜ ሲያበቃ። በግል ቤት እድሳት ላይ ግን አሠራሩ በወሬ ብቻ ደርሶ "10 በመቶ ያዝበት" የሚል ምክር ሆኗል። እስከ መቼ፣ ለየትኛው ጉድለት፣ ምን ሲሟላ እንደሚለቀቅ የሚነግር የለም። ሰው ሁሉ የሚከራከረው 5 ይሁን 10 እያለ ነው። ከመቶኛው በፊት ሊወሰን የሚገባው ግን ገንዘቡ የሚለቀቅበት ቀን ነው። በጥር ተይዞ በመጋቢት የተለቀቀ 10 በመቶ ስለ ጣሪያው ምንም አይናገርም። መስከረምን የተሻገረ 5 በመቶ ግን ሁሉን ይናገራል።

አስቀድሞ ግን ስሞቹ ይለዩ። ቀብድ ሥራው ሳይጀመር የሚሰጥ ነው። ቅጣት በዘገየው ቀን ልክ የሚቆረጥ ነው። ድርጅቶች ለግብር ሰብሳቢው የሚቀንሱት ቅድመ ግብር ሌላ ነው፤ ቤቱን ለሚያሳድስ ተራ ሰው ጉዳዩም አይደለም። መያዣ ከነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ሙያተኛው ሠርቶ ያገኘው፣ የራሱ የሆነ፣ ነገር ግን ለጊዜው ያልተረከበው ገንዘብ ነው። ይህን ያልገባው አሠሪ መያዣውን እንደ ቅናሽ ቆጥሮ ሌላ ነገር ይገዛበታል። ሲጠየቅ ደግሞ ጉድለት መፈለግ ይጀምራል። በመያዣ ላይ ከሚነሱት ጠቦች ብዙዎቹ ምንጫቸው ይህ ነው።

ውርጭ፣ በልግ፣ ክረምት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ የልስን ሥራ የሚበዛውም በዚሁ ወቅት ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር በሚፈጥረው ውሕደት ነው፤ ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ውሕደቱ እጅግ ይዘገያል። ገና ያልያዘ ልስን ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ደግሞ ሲለጠጥ ትስስሩን ይበጥሰዋል። ጠዋት ሲታይ ደህና ይመስላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ በሚስማር ሲቧጠጥ አሸዋው እንደ ዱቄት ይረግፋል። ስለዚህ በነዚህ ወራት የውጭ ልስን ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ባይቀጥል ጥሩ ነው፤ ማታ በላስቲክ ወይም በጆንያ ይሸፈናል። ውሃ የሚጠጣው ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ነው፤ ቢያንስ ለ7 ቀን፣ ፖዞላና (የእሳተ ገሞራ አመድ) የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ከሆነ ከ10 ቀን ላላነሰ ጊዜ። እንዲህ ያለው ድክመት በአንድ ወር ውስጥ ራሱን ያሳያል። ለብሎኬት ወይም ለድንጋይ ግድግዳ ልስን ጥንካሬ ብቻ ከሆነ መያዣውን ዓመት ማቆየት አያስፈልግም።

የጭቃ ቤት ነገሩ ሌላ ነው። በዞኑ ከተሞችም ሆነ በገጠር ቀበሌዎች የሚታደሰው አብዛኛው ቤት የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ያለው፣ በጭድ ጭቃ የተመረገ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ከላይ ሲሚንቶ እንዲለሰንለት ይፈልጋል። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግትር ነው፤ አብሮት አይንቀሳቀስም። ምርጉ ሳይደርቅ ከተለሰነ፣ የሽቦ ወንፊት በሚስማር ካልተወጠረበት፣ ከታች ያለው ግድግዳ ከመሬት ውሃ የሚስብ ከሆነ ልስኑ ከጭቃው ይላቀቃል። መጀመሪያ በጣት ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ቀጥሎ እንደ ሳህን ተገንጥሎ ይወድቃል። ይህ የሚሆነው ግድግዳው አንድ ክረምት ጠጥቶ ከመስከረም ወዲህ መድረቅ ሲጀምር ነው። ለጭቃ ቤት የልስን መያዣ ትክክለኛው መልቀቂያ እንግዲህ ነሐሴ አይደለም፣ ኅዳር ነው። በርካታ ውሎች "ክረምቱ እንዳለፈ" ብለው መስከረም ላይ ስለሚለቁ ጉድለቱ ሊታይ ሁለት ወር ሲቀረው መያዣው ያልቃል።

ለጣሪያ ወሳኙ ሐምሌና ነሐሴ ነው። በመንዝና በጣርማበር ደጋ ግን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሚጥል የበልግ ዝናብ አለ፤ ይህ ጥሩ የመጀመሪያ ፈተና ነው። ጣሪያው በጥር ካለቀ ግማሹን መያዣ በልግ ሲያልፍ፣ ግማሹን በጥቅምት መልቀቅ ይቻላል። በልግ ብቻውን ግን አይበቃም። ጣሪያን የሚያጋልጠው በነፋስ የሚገፋ ዝናብና በረዶ ነው። በረዶው አሸንዳውን ይሞላዋል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ከፋሻው (ከጣሪያው ዳር ሳንቃ) ጀርባ ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ታኅሣሥ ላይ ከጉድጓድ በተቀዳ ባልዲ ውሃ ተሞክሮ "አያፈስም" የተባለ ጣሪያ ይህን ፈተና አላየውም።

የእነዋሪና የሞረትና ጅሩ ነዋሪዎች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አለባቸው። መረሬው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ቤት ከመሠረቱ አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይወርዳል። ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የዚህ ውጤት ነው። ለሳኙ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሠራ ይኸው ስንጥቅ ሊመለስ ይችላል፤ መሠረት ያልነካን ሰው በመሠረት መቅጣት ግፍ ነው። ሥራው ከመጀመሩ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በፊት ነባሩ ስንጥቅ ላይ አሻግሮ ጥቂት ጄሶ መለጠፍና ቀኑን በእርሳስ መጻፍ ይጠቅማል። ጄሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው። ስለዚህ ያ ስንጥቅ ከመያዣው ውጪ መሆኑ ከነፎቶው ውል ላይ ይግባ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ ሸዋ ደጋ ድረስ ተሰምቷል። የካራ ቆሬና የማጀቴ ሰዎችም የ1953ቱን ያስታውሱታል። ከእንዲህ ያለ ክስተት በኋላ "ስንጥቁ የኔ ነው ወይስ የመሬቱ?" የሚለውን ክርክር የሚዳኘው ከሥራው በፊት የተነሳው ፎቶ ብቻ ነው።

ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ፣ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ችግሩ ይገለበጣል። እዚያ ልስኑን የሚያበላሸው ሙቀቱ ነው፤ ውሃው ሲሚንቶው ሳይጠቀምበት ይተንና እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀ ገጽ ይቀራል። ይህ በቀናት ውስጥ ይታያል። ምስጥ ግን ጊዜ ይወስዳል። በቆላ የእንጨት ሥራ መያዣ ዓመት ይሙላ የምንለው ለዚህ ነው።

ስንት ይያዝ፣ እንዴት ይቆረጥ

ዕቃም ሙያም በኮንትራክተሩ የሆነ የ400,000 ብር እድሳት እንውሰድ። ሥራው በአራት ይከፈል፦ ጣሪያ ከነሞራሌው (ቆርቆሮው የሚመታበት እንጨት)፣ ቆርቆሮውና አሸንዳው 140,000፤ የውስጥና የውጭ ልስን 110,000፤ ወለል፣ ሴራሚክ፣ ቧንቧና ኤሌክትሪክ 100,000፤ በርና መስኮት ማስተካከል፣ ቀለምና ጽዳት 50,000። ቅድሚያ ክፍያ 20 በመቶ፣ ማለትም 80,000 ብር፤ መያዣ 10 በመቶ።

ጣሪያው ሲያልቅ ከ140,000 ላይ 14,000 መያዣና 28,000 የቅድሚያ ክፍያ ተመላሽ ይቀነስና 98,000 ይከፈላል። ልስኑ ሲያልቅ በዚሁ ስሌት 77,000፣ ሦስተኛው 70,000፣ አራተኛው 35,000። ቅድሚያው ሲጨመር ሙያተኛው እጅ የገባው 360,000 ነው፤ አሠሪው ጋ 40,000 ቀርቷል። በርክክብ ቀን 20,000 ይለቀቃል፣ 20,000 ክረምት ይሻገራል።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሚበላሸው ቅድሚያ ክፍያው ላይ ነው። በመንግሥት ግዢ መመሪያ እንኳ ቅድሚያ ክፍያ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ተደርጎለታል፤ ያውም በዋስትና። በግል ቤት ግን "የቆርቆሮ ዋጋ ሳይጨምር ልግዛ" ተብሎ ግማሹ ይሰጣል። አምሳ በመቶ ሰጥቶ አሥር በመቶ መያዝ መያዣ አይደለም፤ ሙያተኛው ሩብ ሥራ ሠርቶ ቢጠፋ ዕዳው አሠሪው ላይ ነው። የዋጋ ፍራቻው ግን እውነተኛ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ሴራሚክ፣ የቧንቧ ዕቃና የኤሌክትሪክ ሽቦ ዛሬ የተጠየቁበት ዋጋ ለከርሞ አይገኝም። መፍትሔው ገንዘቡን ለሙያተኛው ማስረከብ ሳይሆን አብሮ ሄዶ መግዛት ነው፤ ደረሰኙ በአሠሪው ስም ይሁን፣ ዕቃው ግቢ ውስጥ ይግባ፣ ብዛቱ ይቆጠር። ቆርቆሮ ከሆነ ጌጁም (የውፍረቱ ቁጥር) ይታይ። 28 ጌጅ ተብሎ ውል ታስሮ 32 ጌጅ የሚገባበት ጊዜ አለ። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ይህን የማያውቅ አሠሪ ትልቁን ቁጥር አይቶ ይደሰታል።

የመያዣው መጠንም ሥራውን ይከተላል። ከ5 በታች ከሆነ ሙያተኛው ከሌላ ቦታ የሚያገኘው የሁለት ቀን ገቢ ይበልጥበታል፤ አይመለስም። ከ10 በላይ ከሆነ የሙያተኛውን ትርፍ ሙሉ በሙሉ ይበላና ጉድለቱን ለማረም ሲሚንቶ እንኳ የሚገዛበት ያሳጣዋል፤ ወይም ደግሞ አስቀድሞ ዋጋው ላይ ይጭነዋል። 15 እና 20 በመቶ የሚጠይቁ አሠሪዎች ጠንቃቃ የሆኑ ይመስላቸዋል፤ የሚያገኙት ግን ጥሩ ሙያተኛ እምቢ ብሎ ሲሄድ የቀረውን ነው።

የእጅ ዋጋ ብቻ ሲሆን

በዞኑ ትንንሽ ከተሞች በጣም የተለመደው ግን ዕቃውን አሠሪው ገዝቶ ሙያተኛው በእጅ ዋጋ ብቻ የሚሠራበት ነው። እዚህ ላይ መቶኛው ያታልላል። ዕቃው 300,000፣ የእጅ ዋጋው 90,000 ከሆነ 10 በመቶ መያዣ 9,000 ብር ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ውሃ ወደ ማፍሰሻው ሳይሆን ወደ በሩ የሚሄድ ሆኖ ቢገኝ ሴራሚኩን ነቅሎ እንደገና ለመግዛትና ለመሥራት 9,000 የትም አያደርስም። ካሳ ይሆናል ብሎ የተማመነ አሠሪ ይከስራል። በእጅ ዋጋ ውል መያዣው ሙያተኛው የሚመለስበት ምክንያት ብቻ ነው። ጥበቃው ያለው ሥራው ከመሸፈኑ በፊት በሚደረግ ፍተሻ ላይ ነው።

ይህ ፍተሻ ከገንዘቡ በላይ ዋጋ ስላለው ጠለቅ ብለን እንየው። ቆርቆሮ ከመመታቱ በፊት ሞራሌው ይታይ፤ ርቀቱ እኩል ነው ወይ፣ ከአጠናው ጋር በሽቦ ወይም በብረት ታስሯል ወይስ በአንድ ሚስማር ተንጠልጥሏል፣ የበሰበሰ ነባር እንጨት ላይ ተደርቧል ወይ? የጣርማበርን ነፋስ የሚያውቅ ሰው ዳር ዳሩን ያለ ማሰሪያ አይተውም። ቆርቆሮው ሲመታ ሚስማሩ ሞገዱ ጀርባ ላይ ይሁን፤ ውሃ የሚሄድበት ቦይ ላይ የተመታ ሚስማር ጎማ ቢኖረውም ቆይቶ ያፈሳል። ጎን ለጎን መደራረቡ ከአንድ ተኩል ሞገድ ባያንስ፣ ከላይ ወደ ታች የሚደራረበው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን። ልስን ከመለሰኑ በፊት አሸዋው ይፈተሽ፦ ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ አሸዋና ውሃ አድርጎ መበጥበጥና ማሳደር ነው። ከላይ የሚዘቅጠው ደቃቅ አፈር ከአሸዋው 6 በመቶ ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት የኤሌክትሪክ ሽቦው ቱቦ ውስጥ መግባቱ፣ የመሬት መስመር መዘርጋቱ በስልክ ፎቶ ይነሳ። ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ቧንቧው በግፊት ይሞከር። የግፊት ፓምፕ ካልተገኘ ጫፎቹን ሁሉ ዘግቶ የውሃ ቆጣሪውን ማታ ማንበብና ጠዋት ማየት ነው። ቁጥሩ ከሄደ የሆነ ቦታ ያፈሳል።

በርክክብ ቀን የሚቀረው ከዚህ ያነሰ ነው። ሴራሚኩን በሳንቲም እያንኳኩ ባዶ ድምፅ የሚሰጡትን በጠመኔ ማመልከት፤ የመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ማፍሰሻውን ዘግቶ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ለ24 ሰዓት ማቆም፤ ከዚያ ሲለቀቅ ሳይቋር መሄዱን ማየት፤ ለዚህ ወለሉ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ቁልቁለት ያስፈልገዋል። በሮች ሳይጋጩ መዘጋታቸው፣ እያንዳንዱ ሶኬት መሥራቱ። ቀለም ብቻ ትዕግሥት ይጠይቃል። አራት ሳምንት ያልሞላው ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል፤ "ለሰርግ ይድረስልኝ" ብሎ ያስቀባ አሠሪ ደግሞ ሙያተኛው አስጠንቅቆት ከሆነ መያዣውን በዚህ ምክንያት ሊከለክል አይገባም።

ውሉና ሕጉ

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪውን ባዶ እጁን አልተወውም። በአንቀጽ 3039 መሠረት በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የሠራ ተቋራጭ ሥራው በአግባቡ ስለመሠራቱና ስለ ጥንካሬው ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ኃላፊ ነው። ስለዚህ መያዣው ተለቀቀ ማለት ኃላፊነቱ ቀረ ማለት አይደለም። በተግባር ግን አድራሻ የሌለውን ግንበኛ ከአምስት ዓመት በኋላ ፈልጎ መክሰስ ለማን ይቻላል? መያዣ የተፈጠረው ሕጉ ባለበትና ሰውየው በሌለበት መሃል ላለው ክፍተት ነው።

ሁለት ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አንደኛው ማስጠንቀቂያ ነው። በአንቀጽ 1772 መሠረት ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ለማለት አስቀድሞ እንዲፈጽም ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። በስልክ ተጨቃጭቆ ሌላ ለሳኝ ማስገባትና ሒሳቡን ከመያዣው መቁረጥ ፍርድ ቤት ሲደርስ ያስጠይቃል። ሁለተኛው፣ ግዴታውን ባልፈጸመው ሰው ወጪ ሥራውን በሌላ ማሠራት የሚቻለው በአንቀጽ 1777 ሲፈቀድ ነው። ለእያንዳንዱ የሚያፈስ ቧንቧ ፍርድ ቤት እንዳይኬድ ፈቃዱን ውሉ ላይ አስቀድሞ መጻፍ ይሻላል። አረፍተ ነገሩ ይህን ያህል ቢሆን በቂ ነው፦

"ሠሪው ጉድለት መኖሩ በጽሑፍ ወይም በስልክ መልእክት ከተነገረው ቀን ጀምሮ ውሃ ማፍሰስን በ3 ቀን፣ ሌላውን በ15 ቀን ያርማል። ካላረመ አሠሪው ምስክሮች ባሉበት ጉድለቱን አስመዝግቦ በሌላ ሙያተኛ ያሠራል፤ ወጪውን በደረሰኝ አስደግፎ ከመያዣው ላይ ይቀንሳል፤ ቀሪውን ለሠሪው ይመልሳል።"

ባለፉት ዓመታት በክልሉ ባለው የጸጥታ ችግር መንገድ በተደጋጋሚ ስለሚዘጋ "መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት አይቆጠሩም" የሚል ሐረግ ይጨመርበት። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን መድረስ ያልቻለ ሰው እምቢተኛ ተብሎ መያዣው ሊወረስ አይገባም። የዘገየበት ቅጣት ከተፈለገ ለብቻው በቀን ተተምኖ ይጻፍ፤ ሕጉ በአንቀጽ 1889 ይፈቅዳል፤ ከጥራት መያዣው ጋር ግን አይደባለቅ።

ውሉ ላይ ሁለት ሁለት ምስክር ይፈርም፣ የሠሪው መታወቂያ ቅጂ ይያያዝ። አንድ የአካባቢው ሰው ዋስ ቢሆን ደግሞ ከ10 በመቶ ይበልጣል ብንል አናጋንንም። ጠፍቶ የሚቀር ሙያተኛ ዋሱን ለማስጠየቅ ያፍራል። የመንግሥት ሥራ ላይ የሚጠየቀው የባንክ ዋስትና ለትንሽ ኮንትራክተር የማይቀመስ ነው፤ ባንኩ ራሱ ማስያዣ ይጠይቀዋልና።

አሠሪው ሲበድል

የሙያተኞች ቅሬታ ሲሰማ አንድ ነገር ይደጋገማል፦ "እግረ መንገድህን"። እግረ መንገድህን የአጥሩን በር፣ እግረ መንገድህን የማድ ቤቱን ወለል። በመጨረሻ ሙያተኛው ተጨማሪ ሒሳብ ሲጠይቅ መያዣው እንደ መደራደሪያ ይመዘዛል። ከውሉ ውጪ የሆነ ሥራ ሁሉ ከመሠራቱ በፊት በአንድ መስመርም ቢሆን ተጽፎ ዋጋው ይቆረጥለት፤ መያዣውን አይነካም። ድሮ ቤት ሲፈታ የማይታሰብ ነገርም ይወጣል፦ ሥሩ የበሰበሰ ቋሚ፣ ያለ ሲሚንቶ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ መሠረት። ለዚህ ከውሉ ዋጋ ከ10 እስከ 15 በመቶ ለብቻው ማስቀመጥ የአሠሪው ድርሻ ነው። ያንን ከሙያተኛው መያዣ ላይ መሸፈን የሚሞክር አሠሪ ቤቱን በሰው ኪስ እያደሰ ነው።

ዕቃውን አሠሪው ከገዛ የዕቃው ጉድለት የአሠሪው ነው። በሁለት ወሩ የሚንጠባጠብ ርካሽ የቧንቧ ራስ ለቧንቧ ሠራተኛው መያዣ ምክንያት አይሆንም። ሙያተኛው ግን ዕቃው እንደማይሆን ካየ መናገር አለበት፤ "ነግሬያለሁ" ለማለት አንድ የስልክ መልእክት ይበቃዋል።

የብር ጉዳይም አለ። ዛሬ የተያዘ 20,000 ብር ከዓመት በኋላ ያንኑ ያህል ሲሚንቶ አይገዛም። ኪሳራው የሙያተኛው ነው፤ ብልህ የሆነው አስቀድሞ ዋጋው ላይ ይጨምረዋል፣ ያልገባው ይጎዳል። ይህን ለማቃለል የመያዣውን ዕድሜ በሥራው ዓይነት መከፋፈል ይቻላል፦ የኤሌክትሪክና የቧንቧው በሁለት ወር፣ የብሎኬት ልስኑ በአንድ ወር፣ የጣሪያው በጥቅምት፣ የጭቃ ግድግዳው በኅዳር። ሁሉንም በአንድ ቀን ማሰር ለአሠሪው ይቀላል፣ ለሙያተኛው ግን ያለ ምክንያት ይከብዳል። የቀን ሠራተኞቹ ደሞዝ ከዚህ ሁሉ ውጪ መሆን አለበት፤ ኮንትራክተሩ "አሠሪው ስለያዘብኝ" ብሎ የቅዳሜ ክፍያ ካስቀረባቸው ጥፋቱ የእሱ ነው። መያዣው የሚቆረጠው ከትርፉ እንጂ ከላባቸው አይደለም።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ?

አሠሪው ኪስ ውስጥ ከቀረ ያልቃል። መጠኑ ጠርቀም ካለ በሁለት ፊርማ ብቻ የሚወጣበት የጋራ የባንክ ሒሳብ መክፈት ይሻላል። አነስ ያለ ከሆነ ሁለቱም የሚያምኑት ሽማግሌ ወይም የዕቁብ ዳኛ ዘንድ በሦስት ቅጂ ደረሰኝ ይቀመጥ። አደራ ተቀባዩ ጉድለት ተስተካከለ አልተስተካከለም የሚለውን እንዲዳኝ ግን አይገደድ፤ ለዚያ ከሁለቱ ጋር ያልወገነ ሌላ ግንበኛ ወይም ፎርማን በውሉ ላይ አስቀድሞ ይሰየም፤ የመጣበትን የቀን አበል ሁለቱ እኩል ይክፈሉ።

የመልቀቂያው ቀን ሲደርስ ሁለቱ ወገኖች ቤቱ ውስጥ ይገናኙ። አሠሪው ያለው ጉድለት ካለ በአንድ ወረቀት በቁጥር ይዘርዝር፤ ያልተዘረዘረው እንደሌለ ይቆጠራል። ለእያንዳንዱ ጉድለት የማረሚያ ግምት ይጻፍለት፤ የሚቆየውም ገንዘብ ይኸው ግምት ብቻ ነው። አንድ በር ስለተጣመመ 20,000 ብር ማገት አይቻልም። ጉድለት ከሌለ በዚያው ሰዓት ይከፈል፤ ሙያተኛውም "በ... ቀን የተፈረመው የእድሳት ውል መያዣ ቀሪ ሒሳብ ብር ... ተቀብያለሁ፤ በሕግ ያለብኝ ኃላፊነት እንደተጠበቀ ነው" ብሎ ይፈርም። አሠሪው ቀኑ ደርሶ ዝም ካለ ምን ይሆናል የሚለውም ውሉ ላይ ይግባ። እኛ የምንመክረው፣ ቀኑ ካለፈ በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ የቀረበ ጉድለት ከሌለ ገንዘቡ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ እንዲለቀቅና አደራ ተቀባዩም አሠሪውን ሳይጠብቅ እንዲከፍል ነው።